የባቄላው ድንበር ጥዶች ለምን አረንጓዴ ሆኑ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በተሁለደሬ፣ ከሱሉላ በላይ ባለ ተራራ ሥር፣ ጎርፍ አሸዋ በደፋበት የወል መሬት ላይ የቀበሌው ወጣቶች ተደራጅተን ጥድ ከተከልን ስምንት ዓመት አለፈን። ዛፉ ጸድቋል፤ ግን አያድግም። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ያደላ ፈዛዛ ነው። ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ የረገፈው ቅጠልም ሳይበሰብስ ይነጠፋል፤ እናቶች ለማገዶ ጠርገው ይወስዱታል። የሚገርመው ከባቄላ ማሳችን ድንበር ላይ ያሉት ሰባት ዛፎች ጥቁር አረንጓዴ ናቸው። አባቴ ‹ይህ ዛፍ መሬቱን ገደለው› ይላሉ። ዩሪያ እንጨምርበት? ወይስ ቆርጠን ባሕር ዛፍ እንትከል?» ፎቶም ተያይዟል።

ሰላም ወንድሜ። ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የመልሱን ግማሽ ራስህ ጽፈኸዋል፤ እነዚያ ሰባት ዛፎች ናቸው። ወደ እነሱ ከመድረሴ በፊት ግን ዛፉን እንለየው።

እኛ አገር «ጥድ» ሲባል ብዙ ዛፍ ይደባለቃል። የሐበሻ ጥድ አለ፣ የፈረንጅ ጥድ አለ፣ ፓቱላ አለ፤ ሽውሽዌንም ጥድ የሚል ሰው ሞልቷል። በላክኸው ፎቶ ላይ ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ ከአንድ እግር ይወጣል፤ ረጅም ነው፣ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ይህ ፓቱላ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮ። ሽውሽዌ ቢሆን ኖሮ መርፌ የሚመስለው ነገር አንጓ አንጓ አለውና ሲጎትቱት ይለያይ ነበር። ይህን የማነሣው ለስም ብዬ አይደለም። የሐበሻ ጥድም ሆነ የፈረንጅ ጥድ ከሥራቸው ጋር የሚኖረውና ምግብ የሚያመጣላቸው የፈንገስ ዓይነት ጤፍና በቆሎ በሚበቅልበት አፈር ሁሉ አለ፤ ስለዚህ የትም ብትተክላቸው አጋር አያጡም። ፓቱላ ግን የሚፈልገው ሌላ ወገን ነው። በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የበቀለ የፓቱላ ዘመድ የለም፤ የዚህ ወገን ዛፎች መኖሪያ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ነው። ዘሩ በከረጢት ሲመጣ ፈንገሱ አብሮት አይመጣም።

ይህ በሌላም አገር ብዙ ኪሳራ ያስከተለ ነገር ነው። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጥድ እየተተከለ ይቀጭጭና ይሞት ነበር፤ በ1950ዎቹ ከአሜሪካ የጥድ ደን ሥር የመጣ አፈር ሲጨመርበት ግን ያው ዛፍ፣ በዚያው መሬት ላይ አደገ። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ችግኝ ጣቢያ አይቼዋለሁ። የወንዝ አሸዋና ፍግ ቀላቅለን ያፈላነው የፓቱላ ችግኝ አንድ ጣት ሆኖ ቆመ፤ ቢጫና ወይን ጠጅ ቀለም ያዘ። ውሃ ጨመርን፣ ፍግ ጨመርን፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። የጣቢያው ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ ከግቢው ጥግ ካለ አሮጌ ጥድ ሥር ሁለት ባልዲ አፈር አምጥተው በየከረጢቱ አንድ አንድ ጭብጥ በተኑበት። ከዚያ በኋላ መደቡ ተራ በተራ እየወዛ አረንጓዴ ሲሆን አየሁ። እሳቸው «የእናቱን አፈር ነው የሰጠሁት» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

በዚያ አፈር ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ነገ ጠዋት ወርደህ በእጅህ ታየዋለህ። ከአንድ ዛፍ ግንድ አንድ እርምጃ ያህል ራቅ በል፤ የረገፈውን ቅጠል በእጅህ ግለጥና ከሥሩ ያለውን እርጥብ አፈር በቀስታ ጫር። ክር የሚያህል ቀጭን ሥር ስታገኝ ሳትበጥስ አውጣና በውሃ እጠበው። ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ፣ አጭርና ወፈር ያለ፣ በነጭ ወይም በቡናማ ሽፋን የተጠቀለለ ከሆነ ፈንገሱ አለ። አንዳንዱ እየተከፈለ እየተከፈለ ትንሽ ዘለላ ይሠራል። ስታሸተው የእንጉዳይ ሽታ አለው። ሥሩ ራቁቱን፣ ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ፀጉር ብቻ ያለበት ከሆነ ግን አጋር የለውም ማለት ነው። ክረምት ላይ ከጥዱ ሥር የሚወጣው የጅብ ጥላም አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው። ልጆች እንዳይበሉት ንገር፤ ከጥድ ሥር የሚወጣ ሰው የሚመርዝ ዓይነትም አለ።

ለዚህ የሥርና የፈንገስ ትዳር ስም የሰጠው አልበርት ፍራንክ የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ በ1885 እ.ኤ.አ.። ውሉ እንዲህ ነው፦ ዛፉ ከፀሐይ የሠራውን ስኳር ይሰጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ድረስ። ፈንገሱ ደግሞ ሥር በማይገባበት ቀዳዳ ሁሉ ክሩን እየዘረጋ ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያመጣለታል። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ከእነዚህ ፈንገሶች አንዱ በአፈር ውስጥ የሚዘልሉ ጥቃቅን ነፍሳትን ገድሎ ናይትሮጅናቸውን ለጥዱ ያቀብላል፤ በሙከራው ውስጥ የጥዱ ናይትሮጅን እስከ ሩብ የሚሆነው ከእነዚያ ነፍሳት የመጣ ነበር። አንድ ነገር ግን ይህ ፈንገስ አይችልም፤ ከአየር ናይትሮጅን መያዝ። አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ እሱን የሚይዙት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ የባቄላ ሥር ላይ ያለው እባጭ ቤታቸው ነው። ጥድ እንደዚህ ያለ እባጭ የለውም። ፈንገሱ ደላላ ነው፤ የሌለ ነገር አያመጣም።

አሁን ወደ ሰባቱ ዛፎች። ችግሩ የፈንገስ እጦት ቢሆን ኖሮ ተከላችሁ ዝንጉርጉር ይሆን ነበር፤ እዚህ አንድ ክምር የለመለመ፣ እዚያ አንድ ክምር የቀጨጨ። ስምንት ዓመትም ባልቆየ። አንተ የጻፍከው ግን ሁሉም እኩል የፈዘዘ መሆኑንና ከባቄላው አጠገብ ያሉት ብቻ መጥቆራቸውን ነው። የእነዚያ ዛፎች ሥር ድንበሩን ተሻግሮ ማሳው ውስጥ ገብቷል። ባቄላው ሲታጨድ እባጩና ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል፤ የያዘውም ናይትሮጅን ይለቀቃል። ምናልባት ፍግም ታደርጉበት ይሆናል፤ ቢሆንም መልእክቱ አንድ ነው። እነዚህ ዛፎች በልተዋል፣ ሌሎቹ ተርበዋል። ስለዚህ ሥሩን ጭረህ ሹካውን ካገኘህ፣ እንደምታገኘውም እገምታለሁ፣ የአሸዋው ጥድ ያጣው ናይትሮጅን ነው ብዬ አፌን ሞልቼ እነግርሃለሁ።

አሸዋ ለምን ያስርባል? የወሎ ዋልካ ሲረጥብ ጫማ የሚይዘው ሸክላ ስለበዛበት ነው፤ ሸክላ ጫማን ብቻ ሳይሆን ምግብንም ይይዛል። አሸዋ ኪስ የለውም። በእሱ ውስጥ ናይትሮጅን የሚቀመጥበት ብቸኛ ጎተራ የበሰበሰው ጥቁር ነገርና በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እሱ ከተጠረገ ምንም አይቀርም።

በበልግ መግቢያ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ የሚመጣውን የአፈር ሽታ ታውቀዋለህ። ያን ሽታ የሚሠሩት በአብዛኛው ባክቴሪያዎች ናቸው። ያኔ ከመሬቱ በታች ትልቅ ነገር ይካሄዳል፤ በደረቁ ወራት የሞቱት ተሕዋስያን ይበላሉ፣ የተረፉት በሰዓታት ውስጥ ይነቃሉ፣ የታሰረው ናይትሮጅን በአንድ ጊዜ ይፈታል። በርች የተባለ ተመራማሪ ይህን በ1950ዎቹ ኬንያ ላይ ሆኖ በደንብ ስላጠናው ዛሬም በስሙ ይጠራል። እኛ ወሎዎች በልግና ክረምት ስላለን መሬታችን ይህን ገበያ በዓመት ሁለት ጊዜ ያያል። በዋልካ ላይ የተፈታው ይቆያል። በአሸዋ ላይ ግን ወደ ናይትሬት የተለወጠው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ታጥቦ ከሥር በታች ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የሚቀልበው ሕያው ሥር በየቦታው መኖር አለበት። እናንተ ዘንድ ደግሞ ከዛፉ ሌላ ምንም የለም፤ ሣር እንኳን የለም።

የረገፈው ቅጠል ለምን እንደማይበሰብስ ልመልስ። ተሕዋስያን እንደ ሰው ናቸው፤ እንጀራ ብቻ አይበቃቸውም፣ ወጥ ይፈልጋሉ። ካርቦኑ እንጀራው ነው፣ ናይትሮጅኑ ወጡ። የረገፈ የጥድ ቅጠል ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ60 እስከ 100 እጅ ካርቦን አለው፤ ዛፉ ቅጠሉን ከመጣሉ በፊት ግማሽ ያህሉን ናይትሮጅን መልሶ ስለሚወስድ። ምጣኔው ከ25 በታች ካልሆነ በስተቀር አብስባሾቹ የጎደላቸውን ወጥ ከአፈሩ ይበደራሉ። ያን ጊዜ ለዛፉ የሚተርፍ የለም። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ካርቦኑ ተቃጥሎ ሲቀንስ ግን ብድሩን ይመልሳሉ። ከምንጣፉ በታች ያለው ጥቁር፣ ልስልስ ንብርብር ብድሩ የሚመለስበት ቦታ ነው። ስትገልጠው ነጭ ክር ተሰራጭቶበት ካየህ ደስ ይበልህ።

ሌላም ምክንያት አለ። ጋድጊል የሚባሉ ባልና ሚስት ኒውዚላንድ ውስጥ በጥድ ደን ላይ ሲሠሩ፣ የጥዱ ሥርና ፈንገሱ እንዳይደርስ በተከለለ ቦታ ቅጠሉ በፍጥነት እንደሚበሰብስ አገኙ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። የዛፉ ፈንገስ ናይትሮጅኑን ቀድሞ ስለሚነጥቅ አብስባሾቹ ይራባሉ፤ ብስባሹም ይዘገያል። በሌሎች ደኖች ሲሞከር ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አልተገኘም፤ ነገር ግን ናይትሮጅን በተራበ መሬት ላይ ያሳምነኛል።

እና የእናቶቹ መጥረጊያ። ስለዚህ ሳልሸፍን እናገራለሁ፤ ትልቁ ጉዳት እዚህ ነው። እንዲሁ ለስሌት ያህል እንውሰድ። አንድ ቶን ደረቅ የጥድ ቅጠል፣ ማለትም 25 ኪሎ የሚመዝን 40 ሸክም፣ ግማሽ በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው 5 ኪሎ ነው፤ የ11 ኪሎ ዩሪያ ያህል። «ይህማ ምን አላት» ትል ይሆናል። ግን የደረሰ የጥድ ተከላ በሄክታር በዓመት ከ3 እስከ 5 ቶን ቢያረግፍ ከ15 እስከ 25 ኪሎ ናይትሮጅን መሆኑ ነው። አሸዋው ደግሞ 0.04 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረው፣ በላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በሄክታር ያለው በድምሩ 1,200 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከዚህ በዓመት የሚፈታው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ፣ ማለትም ከ12 እስከ 24 ኪሎ። አየኸው? መሬቱ በዓመት የሚያበላው ያህል በመጥረጊያ ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ ባይጠረግም እንኳ የመጨረሻዎቹ ሦስት አራት ዓመታት ይበቃሉ። ከናይትሮጅኑ ጋር የአሸዋው የፀሐይ ጥላና እርጥበት አብሮ ይሄዳል።

እናቶችን ከልክሎ መመለስ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ምድጃ አለ። ስለዚህ የምመክረው ልዋጭ መስጠት ነው። ተከላችሁ ተጨናንቋል፤ በሁለት ሜትር ርቀት ከተከላችሁት በሄክታር 2,500 ዛፍ ነው፤ ለዚህ አሸዋ በዝቷል። ከግማሽ ትንሽ ያነሰውን፣ ቀጫጫውንና ጠማማውን መርጣችሁ አሳሱ። ግንዱና ወፍራሙ ቅርንጫፍ ለእናቶች ይሂድ፤ ከቅጠል ይልቅ ግንድ ይሻላቸዋል፤ ለመሬቱም ይሻላል፣ በግንድ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከቅጠሉ በብዙ ያነሰ ነውና። ቀንበጡና ቅጠሉ እዚያው ይቅር። እሳት እንዳይነሣ ከመንገዱ ዳር አራት አምስት ሜትር ያህል ጠርጋችሁ ከፍታችሁ አቆዩ፤ የዚያን ጠራርጎ መውሰድ ይቻላል።

ማሳሳቱ ለውሃም ነው። ቻይና ውስጥ ሆርቺን በሚባለው የአሸዋ አገር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተተከለ ጥድ ሲያድግ ኖሮ ከ1990ዎቹ ወዲህ ከጫፉ መድረቅ ጀመረ፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ዛፉ በዝቶ የከርሰ ምድሩን ውሃ መጨረሱ ነው። የእናንተ እዚያ እንዲደርስ አልፈልግም።

ሲሳሳ ብርሃን ይገባል፤ ብርሃን ከገባ ደግሞ ባቄላው ለሰባቱ ያደረገውን ለሁሉም ማድረግ ይቻላል። ኒውዚላንዶች በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ጥድ ሲያለሙ መጀመሪያ ሣር፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ የሚሆን የግብጦ ወገን፣ ከዚያ ነበር ጥዱን የሚተክሉት። የአሸዋውን ናይትሮጅን የሚያመጣው ያ ግብጦ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሽታ ግብጦውን ሲያጠፋባቸው የጥዱን ርሃብ በማዳበሪያ ለመሙላት ተገደዱ። እኛ ግብጦ አለን፤ ጎጃም ሙሉ ይዘራል፤ ለም ያልሆነና ቀለል ያለ አፈርም አይጠላም። ሥሩ በአሸዋ ውስጥ የታሰረ ፎስፈረስን የሚፈታ አሲድም ያወጣል። መራራ ስለሆነ ከብት ብዙ አይደፍረውም፤ ለወል መሬት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ፍሬው በውሃ ብዙ ቀን ሳይዘፈዘፍ እንዳይበላ ግን ለሰው ሁሉ ንገር፤ ይመርዛል።

ነገር ግን ልብ በል፤ የግብጦ ባክቴሪያ የባቄላ ባክቴሪያ አይደለም። ግብጦ ተዘርቶበት በማያውቅ መሬት ላይ ብትዘራው ልክ እንደዚያ ችግኝ ጣቢያ ጥድ አጋር አጥቶ ይቆማል። ዘሩን ስታመጣ ከበቀለበት ማሳ አንድ ፌስታል አፈር አብረህ አምጣ፤ ከዘሩ ጋር በጥላ ሥር አሽተህ በዚያው ቀን ዝራው። በስድስተኛው ሳምንት አንዱን ነቅለህ እባጩን በጥፍርህ ሰንጥቅ፤ ውስጡ እንደ ሥጋ ቀላ ካለ ይሠራል፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። አበባ ሲይዝ ከፊሉን አጭደህ በጥዱ ሥር አንጥፈው። ዘር ሲሸፍኑ አንድ አንድ ጭብጥ የምድጃ አመድ ማድረግም አይከፋም። በተከላው ዳርና በእርከኑ ላይ ደግሞ ትሪ ሉሰርን ይሁን፤ እሱም ከአየር ይይዛል፣ ቅጠሉም ለከብት ይሆናል።

ዩሪያውን በተመለከተ፣ አልመክርም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ጥድ ላይ ለእንጨት ኢንዱስትሪ የሚያደርጉ አገሮች በአንድ ጊዜ በሄክታር 200 ኪሎ ናይትሮጅን ይበትናሉ፤ ከአራት ኩንታል በላይ ዩሪያ ማለት ነው። ያንን ገዝታችሁ በደረቅ ቅጠል ላይ ብትበትኑት ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ በሐምሌ ብትበትኑት ከፊሉ በአሸዋው ወደ ታች ይሄዳል፤ ዛፉም በቀላሉ ምግብ ሲያገኝ ለፈንገሱ የሚሰጠውን ስኳር ይቀንሳል። ያ ገንዘብ ለማሳችሁ ይሁን።

ባሕር ዛፍ ለመትከል መቁረጡንም ተወው። ባሕር ዛፍም ከአየር ናይትሮጅን አይይዝም፤ ያው ባዶ ጎተራ ላይ ሌላ በላተኛ ማምጣት ነው። ለነገ የሚተካ ካሰባችሁ በተሳሳው ቦታ መሃል ወይራና የሐበሻ ጥድ ጣል ጣል አድርጉ፤ የፓቱላው ጥላ ለእነሱ ይሆናል።

ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝና እንዲህ በላቸው፦ ያዩት እውነት ነው። የጥድ ቅጠል አፈሩን ያኮመጥጠዋል፣ ጥላውና ምንጣፉም ሣር ያስቀራል። መሬቱን የገደለው ግን ከላይ አሸዋውን ያወረደው ጎርፍ ነው፤ ጥዱ የመጣው ከሞተ በኋላ ነው። ከተከላው ውጭ ያለውን ራቁት አሸዋ ቆፍረው ከምንጣፉ በታች ካለው ጥቁር ንብርብር ጋር በሁለት እጃቸው ይዘው ያወዳድሩት። የባቄላውን ድንበርም እሳቸው ናቸው የሚያውቁት፤ ስንት ዓመት ባቄላ እንደተዘራበት፣ ፍግ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቃቸውና ጻፍልኝ።

አብሽር፣ ዛፎቹ አልሞቱም። ይህን ክረምት ሁሉንም አትንካ። አራት ቦታ፣ ሃያ ሃያ ዛፍ ለይ፤ አንዱን እንዳለ ተወው፣ አንዱን መጥረግ ብቻ ከልክል፣ አንዱን መጥረግ ከልክለህ አሳሳው፣ አንዱን አሳስተህ ግብጦ ዝራበት። በየዛፉ ጫፍ ላይ ካለው የመጨረሻ የቅርንጫፍ ክብ በላይ ቀይ ክር እሰር። በመጪው ዓመት ጥቅምት ከክሩ በላይ ያደገውን በሜትር ለካ፤ ከሰባቱ የድንበር ዛፎችም ሦስቱን ጨምር፤ የቅጠሉንም ርዝመት በጣት ለካ። ቁጥሩን ላክልኝና የትኛውን ወደ ሙሉ ተከላው እንደምታሰፋው አብረን እንወስናለን።